ፎስፈረስ ያለባቸው ዴንድሪመሮች፤ አሠራራቸውና ጥቅማቸው

በሲናና ወረዳ ፎስፈረስ የሚባለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ይኖር ይሆናል፤ ፎስፈረስን በእጁ ያልነካ ገበሬ ግን አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራበትና የሚታጨድበት አገር ነው፤ የመጀመሪያው ወራት በአገሩ ቋንቋ ጋና፣ ሁለተኛው ቦና ይባላል። በሁለቱም ወራት ከስንዴው ዘር ጋር አብሮ የሚወርደው ማዳበሪያ ፎስፈረስ አለበት። ከእርሻ በፊት አረም ለማድረቅ የሚረጨው ራውንድአፕ ፎስፈረስ አለበት። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ነቀዝ እንዳይበላው የሚነሰነሰው የማላታይን ዱቄትና በመጋዘን የሚቀመጠው የፎስቶክሲን እንክብልም እንደዚሁ ናቸው። ማታ ኩራዝ ለማብራት ክብሪት የሚጫርበት የቀፎው ጎን እንኳ ቀይ ፎስፈረስ የተቀባ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ስለ ፎስፈረስ ምን አዲስ ነገር ሊጻፍ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ይኸው ጥያቄ ለእኛም ቀርቦልናል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችን ሄደን ሳለ ፎስፈረስ ስላለባቸው ዴንድሪመሮች የተጻፈ ጥናት ይዘን ደጅ ተቀምጠን ስናነብ፣ አንድ የጎረቤታችን ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና በወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል አዩ።

«ልጆቼ፣ ይህ የምን ዛፍ ነው?» አሉን።

ዛፍ ሳይሆን ፎስፈረስ ያለበት ሞለኪውል መሆኑን ነገርናቸው።

«ፎስፈረስ የምትሉት ያ በጆንያ የሚመጣው ነው?»

«አዎን አባባ፣ እሱው ነው።»

«እሱ ከሆነስ ደግ፤ ዛፍ ካደረጋችሁት ፍሬው ምንድን ነው?»

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ያን ዕለት የሰጠናቸው መልስ እኛኑ ራሳችንን ስላላረካን ነው።

ፎስፈረስን መጀመሪያ ለብቻው ለይቶ ያወጣው የሐምቡርግ ከተማ ሰው ሄኒግ ብራንድ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1669 ነበር። ይህ ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ብዙ የሰው ሽንት ሰብስቦ እያፈላ ሲያተን ወርቁ ቀረና በጨለማ የሚያበራ ነጭ ነገር አገኘ። ስሙም በግሪክኛ ብርሃን ተሸካሚ ማለት ነው።

አቶሞች እርስ በርሳቸው የሚያያዙባቸውን ማሰሪያዎች «እጆች» ብለን ብንጠራቸው የሚቀጥለውን ለመረዳት ይቀላል። ሃይድሮጅን አንድ እጅ፣ ኦክሲጅን ሁለት፣ ካርቦን አራት አለው። ፎስፈረስ ግን አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ አምስት እጅ ይዘረጋል። በማዳበሪያው ጆንያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በአምስት እጆቹ አራት ኦክሲጅኖችን ይዟል፤ አንዱን በሁለት እጅ፣ የቀሩትን ሦስቱን በአንድ በአንድ እጅ። ይህ ፎስፌት ይባላል፤ የረጋ ነገር ስለ ሆነ ተክሉ በሥሩ እየሳበ ይመገበዋል። በማላታይን ውስጥ ደግሞ በሁለት እጅ የተያዘው ኦክሲጅን ሳይሆን ድኝ ነው። በራውንድአፕ አንዱ የፎስፈረስ እጅ በቀጥታ ካርቦንን ጨብጧል። ፎስቶክሲን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን እርጥበት ሲነካው ፎስፈረሱ ሦስት ሃይድሮጅኖችን ይዞ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጋዝ ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል፤ ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ እንክብሉን ከእህል ጋር ማኖር እጅግ አደገኛ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ሳንጠቅስ አናልፍም። ፎስፈረሱ በሁሉም ዘንድ ያው አንዱ ነው፤ መብል ወይም መርዝ የሚያደርገው በእጆቹ የያዘው ነገርና አያያዙ ነው።

በጆንያው ላይ ስለሚጻፈው ቁጥርም አንድ ቃል እንጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ኤንፒኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ላይ 38 ተብሎ ሲጻፍ ከመቶ 38 እጁ ፎስፈረስ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚሰላው በፎስፈረስ ኦክሳይድ ነው። ኦክሲጅኑ ሲቀነስ ከአንድ ኩንታል ውስጥ ፎስፈረሱ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል። 46 ተብሎ በሚጻፍበት በዳፕ ውስጥ ደግሞ 20 ኪሎ ያህል ነው።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። ዴንድሪመር የሚለው ስም ዛፍና ክፍል የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ተራው ፖሊመር፣ ለምሳሌ የውኃ ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ እንደ ገመድ ነው፤ ትንንሽ ክፍሎች አንዱ ከአንዱ ጫፍ እየተቀጣጠሉ ይረዝማሉ፤ ከገመዶቹም አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ሆኖ ይቀራል። ዴንድሪመር ግን ከአንድ እምብርት ተነሥቶ በየአቅጣጫው ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋል። ከጎባ ወደ ሳነቴ የወጣ ሰው ጅብራን ሳያይ አይመለስም፤ ጅብራ ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ግንድ ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ በዲንሾ ጫካ ያለው ኮሶ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው፤ ቅርንጫፉ ግን እንደ ነፋሱና እንደ ፀሐዩ እንዳሻው የሚወጣ ነው። ዴንድሪመር እንደ ጅብራም እንደ ኮሶም አይደለም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም እንደ ገና ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱም ከቍጥር አያፈነግጥም። እያንዳንዱ የቅርንጫፍ ደረጃ «ትውልድ» ተብሎ ይጠራል። ተስተካክሎ በተሠራ ጊዜ የአንድ ትውልድ ሞለኪውሎች ሁሉ በመጠንም በክብደትም አንድ ዓይነት ናቸው።

የዚህ አሠራር ጅማሬ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፎግትለ ያሳተመው ሥራ ነው። በ1985 ደግሞ በአሜሪካ ዶናልድ ቶማሊያና ጆርጅ ኒውኮም እያንዳንዳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በየፊናቸው የሠሩትን አወጡ። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ከካርቦን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠሩ ነበሩ፤ ቅርንጫፉ የሚከፈልበት ቦታም በአብዛኛው ናይትሮጅን ወይም ካርቦን ነበር።

ፎስፈረስን መከፋፈያ በማድረግ በየደረጃው ለማሳደግ የሚያስችል ሰፊ ዘዴ የወጣው ግን በ1994 ነው። ያወጡትም በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ባለው የኮኦርዲኔሽን ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የሚሠሩት ዣን ፒየር ማዦራልና አን ማሪ ካሚናድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ናቸው። ከዚህ ቀጥለን የምንገልጸው ይህንኑ ዘዴ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ለእምብርትነት የሚመረጠው ሄክሳክሎሮሳይክሎትሪፎስፋዚን ነው። ስሙ ቢረዝምም ነገሩ ቀላል ነው፤ ሦስት ፎስፈረስና ሦስት ናይትሮጅን እየተፈራረቁ ቀለበት ሠርተዋል፤ በእያንዳንዱ ፎስፈረስ ላይም ሁለት ሁለት ክሎሪን ተንጠልጥሏል። በጠቅላላው ስድስት ክሎሪን መሆኑ ነው። እኛ ለራሳችን «ባለ ስድስቱ ቀለበት» ብለነዋል። ቅመሙ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሊቢግና ቮለር የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት በ1834 ፎስፈረስ ፔንታክሎራይድን ከአሞኒያ ጋር በማገናኘት አግኝተውታል። የስንዴ ፍሬም በበኩሉ ፎስፈረሱን የሚያከማቸው ስድስት ፎስፌቶች በተንጠለጠሉበት የካርቦን ቀለበት ነው፤ ይህም ፋይቲክ አሲድ ይባላል። በምግብ ውስጥ ያለውን የብረትና የዚንክ ማዕድን ጨምድዶ ስለሚይዝ ለሰውነት ብዙ አይበጅም፤ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ግን ከፊሉ ይፈታል። ስድስት እጅ ያለው ቀለበት እንግዲህ ከቱሉዝ በፊት በሲናና ማሳ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ባለ ስድስቱ ቀለበት ክሎሪኖቹን የሚለቅበት ባሕርይ አለው፤ ጥቅሙም ከዚህ ይመጣል። ውኃና አሲድ ለረጅም ጊዜ ቢሠሩበት ቀለበቱ ራሱ ተበጣጥሶ ፎስፌትና አሞኒያ ይሆናል። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ የተሠራው ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው። ይህን ለሽማግሌው ስንነግራቸው ሳቁብን። «ዞራችሁ ዞራችሁ ወደ ጆንያው ተመለሳችሁ» አሉ። ኬሚስቱ ግን ውኃውን አርቆ፣ በክሎሪኖቹ ምትክ ራሱ የፈለገውን ነገር ያስገባል።

ሥራው ሁለት እርምጃ ብቻ ያለው ሲሆን እነዚሁ ሁለት እርምጃዎች እየተደጋገሙ ይሄዳሉ።

በመጀመሪያው እርምጃ ፓራ ሃይድሮክሲቤንዛልዲሃይድ የተባለው ቅመም በሶዲየም ጨውነቱ ይቀርባል። ይህ ቅመም ለቫኒላ ሽታውን የሚሰጠው የቫኒሊን የቅርብ ዘመድ ነው። በአንድ ጫፉ ኦክሲጅን፣ በሌላው ጫፉ አልዲሃይድ የሚባል ንቁ ክፍል አለው። በኦክሲጅኑ በኩል ፎስፈረሱን ሲይዝ ክሎሪኑ ይባረራል፤ የተባረረውም ክሎሪን ከሶዲየሙ ጋር ተዋሕዶ ተራ የገበታ ጨው ይሆናል። ስድስቱም ክሎሪኖች በዚህ ዓይነት ሲተኩ ስድስት አልዲሃይዶች ወደ ውጭ የቆሙበት ቀለበት ይገኛል።

በሁለተኛው እርምጃ የሚገባው ቅመም ቀደም ብሎ ለብቻው ይዘጋጃል። ይኸውም ሦስት ክሎሪንና አንድ ድኝ የያዘ ፎስፈረስ ከሜቲልሃይድራዚን ጋር በብርቱ ቅዝቃዜ ተገናኝቶ የሚሰጠው ነው። የዚህ ቅመም አንደኛው ጫፍ ናይትሮጅን ነው፤ በሌላው ጫፍ ድኙን እንደ ያዘ ሁለት ክሎሪን የቀረው ፎስፈረስ አለ። ናይትሮጅኑ አልዲሃይዱን ሲያገኝ ይጨብጠዋል፤ ተርፎ የሚወጣውም ውኃ ነው። እነሆ በእያንዳንዱ አልዲሃይድ ቦታ ሁለት ክሎሪን ያለው አዲስ ፎስፈረስ ቆመ፤ አንድ የነበረው ጫፍ ሁለት ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው እርምጃ ይደገማል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ እንደ ገና የመጀመሪያው።

በእኛ አስተያየት የዚህ ዘዴ ውበቱ ዛፉ ላይ ሳይሆን በሚጣለው ላይ ነው። የሚጣለው ጨውና ውኃ ብቻ ነው። በሌሎቹ ዘዴዎች በየትውልዱ የተረፈውን ቅመም ከዛፉ ለመለየት ብዙ ድካም አለ፤ እዚህ ግን የሚያስፈልገው ማጣራትና ማጠብ ነው።

ቍጥሩን እንከተለው። በመጀመሪያው ትውልድ 12 ጫፎች፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 48፣ በአራተኛው 96 ይገኛሉ። የፎስፈረሱ አቶሞች ደግሞ ከእምብርቱ ሦስት ተነሥተው በመጀመሪያው 9፣ በሁለተኛው 21፣ በሦስተኛው 45፣ በአራተኛው 93 ይሆናሉ። ቍጥሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ደስ ያሰኛል፤ በብልቃጥ ውስጥ ግን ትልቅ ፈተና አለበት። 96 አልዲሃይድ ያለው የአራተኛው ትውልድ ዛፍ እስኪደርስ ድረስ በአንዱ ሞለኪውል ላይ 186 ጊዜ ክሎሪን መተካት፣ 90 ጊዜ ደግሞ ናይትሮጅን ከአልዲሃይድ ጋር መጨበጥ አለበት፤ ድምሩ 276 ነው። እያንዳንዱ ጭበጣ ከመቶ 99 ጊዜ ይሳካል ብንል፣ ይህም በተማሪ ላቦራቶሪ መልካም የሚባል ውጤት ነው፣ ምንም ጉድለት የሌለባቸው ዛፎች ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ይሆናሉ። ከሺህ 999 ጊዜ የሚሳካ ከሆነ ከመቶ 76 ያህል ይደርሳሉ። ይህን ስሌት የሠራነው ራሳችን ነን፤ አንባቢ በእርሳስ ሊፈትሸው ይችላል። እንግዲህ ዴንድሪመር ሠራሁ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «እንዴት ዐወቅህ?» ተብሎ ነው።

ፎስፈረስ ከሌሎቹ አቶሞች የሚበልጠውም ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ነው። ኑክሌር ማግኔቲክ ረዞናንስ የሚባል መሣሪያ አለ። ቅመሙ በብርቱ ማግኔት መካከል ተቀምጦ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት አንዳንድ አቶሞች መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱም አቶሙ እንደሚገኝበት አካባቢ ይለያያል። ካርቦን በዚህ ነገር ሰነፍ ነው፤ ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነው የሚመልሰው። በተፈጥሮ ያለው ፎስፈረስ ግን ሁሉም ባለ 31 ክብደት ስለ ሆነ አንድ ሳይቀር ይመልሳል። በዛፉ ውስጥ ያሉት ፎስፈረሶች በየትውልዳቸው ልዩ ልዩ ድምፅ አላቸው ማለት ይቻላል፤ የእምብርቱ በአንድ ቦታ፣ የየደረጃው በሌላ በሌላ ቦታ ይታያል። ከሁለቱ ክሎሪኖች አንዱ ተተክቶ አንዱ የቀረበት ፎስፈረስ ቢኖር ለብቻው ምልክት ያወጣል። ሥራው እየተካሄደ ሳለ ይህ የግማሽ መንገድ ምልክት ብቅ ብሎ ያድጋል፤ ከዚያም ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ሲጠፋ ኬሚስቱ ወደሚቀጥለው እርምጃ ይሄዳል። አንድ እረኛ ከብቶቹን ማታ በረት ሲያስገባ አንድ በአንድ እንደሚቈጥር ማለት ነው። ስለ አልዲሃይዱም በሌላ ምልክት መከታተል ይቻላል። እርግጥ ነው፣ መሣሪያው እጅግ ጥቂት የሆነውን ጉድለት አያሳይም፤ ከፍ ባሉት ትውልዶች ላይ ፍጹም ናቸው የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መውሰድ ይገባል።

ዛፉ እስከ ምን ድረስ ሊያድግ ይችላል? ጫፎቹ በየትውልዱ እጥፍ ሲሆኑ የሚቆሙበት ስፍራ ግን በዚያው ልክ አይሰፋም። ፈረንሳዊው ደ ዤንና ባልደረባው ኤርቬ በ1983 እንዳሰሉት ጫፎቹ ተጨናንቀው መቀጠል የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል። የቱሉዝ ሰዎች በረዘሙት ቅርንጫፎቻቸው ምክንያት እስከ 12ኛው ትውልድ ደርሰዋል። ለጥቅም የሚፈለጉት ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ያሉት ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው ድካሙ ይበዛል።

ስለ ጥቅሙ ስንናገር መጀመሪያ የምናነሣው ካታሊስትን ነው። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ሥራ የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ፓላዲየምና ሩቴኒየም የመሳሰሉት ውድ ብረታ ብረቶች ለመድኃኒት ሥራ በዚህ አኳኋን ያገለግላሉ። ሦስት እጅ ያለው ፎስፈረስ ሦስቱንም እጆቹን ሰጥቶ እንኳ የሚተርፈው ጥንድ ኤሌክትሮን ስላለው እነዚህን ብረቶች አጥብቆ ይይዛል። በዛፉ ጫፎች ላይ ይህን ዓይነት ፎስፈረስ ተክሎ ብረቱን ማስያዝ ይቻላል። ሥራው ሲያልቅ ዛፉ የማይሟሟበት ፈሳሽ ሲጨመር ይዘቅጣል፤ ተጣርቶም እንደ ገና ለሥራ ይውላል። ተራው ካታሊስት ከምርቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀር ስለ ሆነ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ የተሠራው መድኃኒት ውስጥ የሚቀረው ብረትም ያንሳል። በአንዳንድ ሥራ ደግሞ የብረቱ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ በትልቁ ዛፍ ላይ ያለው በትንሹ ላይ ካለው ይበልጥ ሲሠራ ታይቷል። ጎን ለጎን የቆሙት ጫፎች የሚረዳዱ ይመስላል።

ሁለተኛው፣ በአጭሩ፣ የመስተዋት ሥራ ነው። በመስተዋት ገጽ ላይ ባለ አልዲሃይድ ዛፎች ይተከሉና ባዶ የቀሩት ጫፎቻቸው የዲኤንኤ ቁራጮችን ይይዛሉ፤ በዚህ መስተዋት የተፈለገ ዲኤንኤ በናሙና ውስጥ መኖሩ ይመረመራል። መስተዋቱ ታጥቦ በድጋሚ እስኪሠራበት ድረስ አያያዙ ጥብቅ መሆኑ ተነግሯል።

ሦስተኛው የሕክምና ጥቅም ነው፤ ሰው ሁሉ መስማት የሚፈልገውም ይህን ነው። ጫፎቻቸው አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ዛፎች ዲኤንኤን ተሸክመው ወደ ሕዋስ ያስገባሉ፤ በ2004 የታተመ ጥናትም በግ ላይ በሽታ የሚያመጣውን የስክሬፒ ፕሪዮን በሕዋስና በአይጥ ላይ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሙላቸው ሕዋሱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሳበን ግን አሉታዊ ሙል ያለው የመጀመሪያው ትውልድ ዛፍ ነው። በ12ቱ ጫፎቹ ላይ አዛቢስፎስፎኔት የሚባል ክፍል ተተክሏል፤ በእያንዳንዱም ሁለት የፎስፎኒክ አሲድ ክፍሎች አሉ፤ ድምራቸው 24 ነው። የክፍሉ አሠራር ናይትሮጅን፣ ካርቦን፣ ፎስፈረስ በተራ የተያያዙበት ነው። ይህ ተራ በራውንድአፕ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፤ እንዲህ ስንል ግን ዛፉ አረም ያጠፋል፣ ወይም አረም ማጥፊያው መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ሞለኪውልን በአንድ ክፍሉ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ይህ ዛፍ ሞኖሳይት ከሚባሉት የደም ነጭ ሕዋሳት ጋር ሲገናኝ ብግነትን ወደ ማብረድ ይመራቸዋል። በ2011 በታተመው ጥናት የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው አይጦች ዛፉ በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው እብጠቱ ቀንሷል፤ የአጥንታቸውም መበላት ተገትቷል።

ይህን ለሽማግሌው በሁለተኛው ቀን ነገርናቸው። ወዲያው ጕልበታቸውን ያዙ። የባሌ ደጋ ብርድ ያመጣባቸው ቍርጥማት ለብዙ ዓመት እንዳሠቃያቸው እናውቃለን፤ ምርኩዙም ስለዚሁ ነው። «ታዲያ እናንተ ካላችሁበት አገር አይገኝም?» አሉን። ሁለት ዓይነት መልስ ነበረን። አንደኛው ሽማግሌውን ደስ የሚያሰኝ ነበር። እኛ ግን በአይጥ ላይ የታየ ነገር ለሰው መድኃኒት ሆነ ማለት እንዳልሆነ፣ የእርሳቸውም ሕመም ምናልባት በጥናቱ ካለው የተለየ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት እንዳለባቸው ነገርናቸው። ዝም ብለው ቈዩና «አበባ ነው እንጂ ፍሬ አልሆነም በሉኛ» አሉ። ከዚህ የተሻለ አነጋገር እኛ አላገኘንም። ወደ ሐኪም ለመሄድም በመጨረሻ እሺ ብለውናል።

ይህን ሥራ በአገራችን መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ይቀራል። ችግሩ በመጀመሪያ የቅመሞቹ ክፋት ነው። ሜቲልሃይድራዚን ለሮኬት ነዳጅነት የሚያገለግል ብርቱ መርዝ ነው። ሦስት ክሎሪንና ድኝ የያዘው ፎስፈረስም ዐይን የሚያቃጥልና ከውኃ ጋር የሚጣላ፣ ለተባይ ማጥፊያ ፋብሪካዎች መነሻ የሆነ ቅመም ነው። አየር የሚስብ መስኮትና ጥብቅ ጥንቃቄ በሌለበት ቦታ ሁለተኛውን እርምጃ መሞከር ድፍረት እንጂ ትጋት አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ከዚህ ይለያል። ባለ ስድስቱ ቀለበት ደረቅ ጠጣር ነው፤ እርጥበት ካላገኘው ይቀመጣል፤ ሃይድሮክሲቤንዛልዲሃይዱም እንዲሁ። የሚወጣው ጨው ነው። በመጨረሻም ሦስቱ ፎስፈረሶች አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ በመሣሪያው ላይ አንድ ነጠላ ምልክት ብቻ መታየት አለበት፤ ሁለትና ሦስት ምልክት ከታየ ሥራው አልተጠናቀቀም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአራት ኪሎ የወጡት ብዙ የአገራችን ዕፀዋት ጥናቶች በ400 ሜጋኸርትዝ የረዞናንስ መሣሪያ የተመረመሩ ናቸው፤ እንግዲህ ለምርመራው ባሕር መሻገር ግድ አይደለም።

በኮሌጃችን ላቦራቶሪ በአስተማሪዎቻችን ፈቃድና ቁጥጥር ልንሞክር ያሰብነው ይህንኑ የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው፤ ስድስት አልዲሃይድ ያለውን ቀለበት በጥቂት ግራም መሥራትና ምልክቱ አንድ መሆኑን ማየት። ምልክቱ አንድም ሆነ ሦስት፣ የታየውን እንዳለ በሚቀጥለው እትም እናቀርባለን።